የኋላው ማሰሪያ

እህቴ ጀልባዋን «ቃሪያዋ» ነው የምትላት። ካያክ ነች። አንድ ሰው ብቻ እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥባት፣ በመቅዘፊያ ግራ ቀኝ እያለ የሚሄድባት ቀጭን ጀልባ፤ አረንጓዴ፣ ረጅም፣ ሁለቱም ጫፏ ሾል ያለ። በቃ ስታዩዋት ቃሪያ ናት። የባሏ መኪና ደግሞ «ሳሙናዋ» ናት። ነጭ፣ ጥጋጥጓ የሟሟ የሚመስል፣ ትንሽዬ የኤሌክትሪክ መኪና። አምስት ሰው ትይዛለች ይባላል፤ አምስቱ ሰዎች ግን በጣም የሚዋደዱ መሆን አለባቸው።

እና ያን ቀን ቃሪያዋን ሳሙናዋ ላይ ጭነን ሐይቁ ድረስ ልንወስዳት ነው። የሚያስቅ ነገር ላወራችሁ ይመስላችኋል አይደል? እኔም ስንነሳ እየሳቅኩ ነበር።

እህቴ የዋና አስተማሪ ናት። ሐይቁ ዳር ሥራ አግኝታ በማግስቱ ልትጀምር ነው፤ ጀልባሽን ይዘሽ ነይ ብለዋታል። ሊጭንላት የነበረው የፒካፕ ሹፌር ጠዋት ደወለና «ፍሪሲዮኑ ሄዷል» አለ። ወዴት እንደሄደ አልተናገረም። እህቴ ስልኩን ዘጋችና ግቢ ውስጥ የቆመችውን ሳሙናዋን አየቻት። ከዚያ ባሏን አየችው።

«አይሆንም» አለ ባሏ።

«ምን አልኩህ?»

«ምንም አላልሽም። ግን አይሆንም። ጣሪያዋ ላይ ዕቃ የሚታሰርበት ብረት እንኳን የላትም።»

«ስፖንጅ እናነጥፍላታለን።»

«ነፋስ ቢነሳስ?»

«ወይ አንተ፣ ጥርስ ስትነቅል የማትፈራ ሰውዬ።»

«የምነቅለው እኮ የሰው ነው» አለ።

የጥርስ ሐኪም ነው። ዶክተሩ እንለዋለን። ፈሪ ነው፤ ይሄን ስል ልሰድበው አይደለም፣ ራሱም ይለዋል። በረንዳ ላይ እንኳን ሲቆም ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ነው። ከእህቴ ጋር ገና መጋባታቸው ነው፣ እኔም ስላልለመድኩት አንቱ ነበር የምለው። «ተው እባክህ፣ አንቱ ስትለኝ ጥርሴ የረገፈ ይመስለኛል» ይለኛል። አልቻልኩም። ዶክተር እያሉ አንተ ማለት አፌ ላይ አልመጣ አለ።

ጫንናት። አስተሳሰሩን በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ማሰሪያዎቹ ሁለት ናቸው፤ የፊትና የኋላ። እንደ ቀበቶ ጠፍጣፋ ናቸው፣ ጫፋቸው ላይ ዘለበት አላቸው። የመኪናዋን በሮች ከፍተን፣ ማሰሪያውን በጀልባዋ ላይ አሳልፈን፣ በመኪናዋ ውስጥ ከጣሪያው ሥር አሻግረን፣ ተመልሶ ውጪ ዘለበቱ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ጫፉን መጎተት ነው፣ ድርቅ እስኪል። በሩን ስትዘጋው ማሰሪያው ከአናትህ በላይ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተወጥሮ ታየዋለህ።

የፊተኛውን ዶክተሩ ጎተተው። አንድ እግሩን ጎማው ላይ አድርጎ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ እንደ መንጋጋ ጥርስ ጎተተው። እንዲህ ታስሮ መኪናዋ ትገለበጣለች እንጂ ቃሪያዋ አትወድቅም። የኋላውን እህቴ በዘለበቱ አሳልፋ አንጠልጥላው ነበር። እሷ በሞተርሳይክሏ ነው የምትሄደው። የሳሙናዋ የኋላ ወንበር ታጥፎ ሻንጣና ጃኬት ሞልቶታል፤ ደግሞም ሐይቁ ጋ ሞተሯ ያስፈልጋታል። ስልኳን ለእኔ ሰጠችኝ፣ መንገዱን የሚያሳየው ካርታ ስልኩ ላይ ስለነበር። ሄልሜቷን አጠለቀች፣ መስታወቱን ወደ ታች አወረደች፣ ሞተሩን አስነሳች።

«ማሙሽ» አለችኝ። ጺም አብቅዬም ማሙሽ ነኝ። «መቅዘፊያውን ከውስጥ አስገባው፣ ይውጋህ እንጂ መስታወቱን እንዳይነካ።»

ዶክተሩ የኋላውን ማሰሪያ ጫፍ እንደያዘ በእጇ ምልክት ሰጠችው።

«የኋላውን እኔ እጠብቀዋለሁ» አለች።

ሞተሩ እየጮኸ፣ አፏ ሄልሜት ውስጥ ሆኖ። ዶክተሩ አውራ ጣቱን አሳያትና መኪናው ውስጥ ገባ፣ ባትሪውን ለማየት። እኔ መቅዘፊያውን እያስገባሁ ሰምቻታለሁ። እሷ ሞተሯን ከመኪናዋ ኋላ አስጠግታ ትንሽ ቆመች። በሮቹ ተዘጉ። ወጣን።

ከተማ ውስጥ እያለን ችግር የለም። ሰው ይስቅብናል፣ እኛም እንስቃለን። የትራፊክ መብራት ላይ አንድ ጎልማሳ መስኮታችንን አንኳኩቶ «ይቅርታ፣ ጀልባው ነው መኪናውን የጫነው?» አለን። ዶክተሩ ብቻ ነው ያልሳቀው። ዓይኑ ባትሪው ላይ ነው። ቃሪያዋ ጣሪያ ላይ ስትሆን ነፋሱ ይይዛታል፣ ባትሪው ደግሞ እንደተቀደደ ኬሻ ይፈስሳል። ማቀዝቀዣውን አጠፋው። ሬዲዮውን አጠፋው። ትንሽ ቢቆይ እኔንም የሚያጠፋኝ ይመስል ነበር።

«ትደርሳለች?» አልኩት።

«ቀስ ካልን።»

ስለዚህ ቀስ አልን። ዋናው መንገድ ስንገባ ሁሉም ሰው እየቀደመን ያልፋል። በፊት መስታወቱ የቃሪያዋ አፍንጫ ከላይ ይታየኛል፤ መኪናዋ ጉድጓድ ስትነካ ዝቅ ትላለች፣ ከዚያ ከፍ። እንደሚያንቀላፋ ሰው። መጀመሪያ አየኋትና አሳቀችኝ። ቆይቼ ሳያት ከፍ ማለቷ ትንሽ የበዛ መሰለኝ። ለዶክተሩ ግን አልነገርኩትም፤ እሱ ያለዚያም መሪውን የያዘው ሊሰምጥ የደረሰ ሰው እንጨት እንደሚይዝ ነው።

ከዚያ ድምፁ ጀመረ። ዝምምምምም።

«ምንድነው?» አለ ዶክተሩ።

«ማሰሪያው ነው። ነፋሱ ሲመታው ነው።»

«የኔ መሰርሰሪያ ነው የሚመስለው።»

«ታዲያ ለምደውታል አይደል? ዝም ብለው ይንዱ።»

«እኔ ከዚያኛው በኩል ሆኜ ሰምቼው አላውቅም» አለ። ላብ ጆሮው ሥር ወርዷል።

በመስታወቱ እህቴን አየኋት። ከኋላችን ናት፣ ቅርብ። አንድ እጇን አንስታ ሰላም አለችን። ከእሷ ኋላ አሸዋ የጫነ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ተለጥፏል። ክላክሱን ነፋ። ረጅም አድርጎ ነፋ።

«ሂድ እለፍ እንግዲህ» አለ ዶክተሩ፣ ለጭነት መኪናው ሳይሆን ለመሪው።

አላለፈም። እንደገና ነፋ። መብራቱን ብልጭ ድርግም አደረገ። እኛ እየተንቀራፈፍንበት ተናዶ ነው ብለን ሰደብነው። እኔ እንደውም እዚህ የማልደግመውን ስድብ ነው የሰደብኩት።

ከዚያ ድምፁ ቆመ። ዝምምም ይል የነበረው በቃ፣ እንደተቆረጠ። መኪናዋ ውስጥ ጸጥ አለ።

«ተመስገን» አለ ዶክተሩ፤ ትከሻው ወረደ። እኔም ደስ አለኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሁለታችንም ፈገግ ነው ያልነው።

ጧ።

ጣሪያው ላይ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ። ዶክተሩ አየኝ። ድንጋይ ተፈናጥሮ ነው አልኩት። ምን ዓይነት ድንጋይ ነው ጣሪያ የሚመታው? ግን አልኩት። አፌ ደርቆ ነበር፣ ውሃው ከኋላ ሻንጣው ላይ ስለሆነ ዞርኩ። እጄን ዘረጋሁ። እና እዚያው ቀረሁ።

የኋላው ማሰሪያ ሆዱን ጥሏል።

የፊተኛው ከአናታችን በላይ ድርቅ ብሎ ተወጥሯል፤ ብትመታው ይጮኻል። የኋላው ግን ከጣሪያው ወርዶ ተንጠልጥሏል፣ ሻንጣዎቹን ሊነካ ደርሷል። ደግሞ ይንቀሳቀሳል። ወደ ላይ ይሳባል፣ ይወርዳል። ከላይ የሆነ ነገር እንደሚተነፍስ።

«ዶክተር» አልኩ፣ ድምፄን ቀስ አድርጌ። «የኋላውን ማነው ያጠበቀው?»

«እሷ።»

«ስታስረው አይተዋታል?»

«አላየሁም። ራሷ አይደል እንዴ ያለችው፤ የኋላውን እኔ አጠብቀዋለሁ አለች።»

ያኔ ነው የገባኝ። ምክንያቱም እኔ በደንብ ሰምቻታለሁ።

«አጠብቀዋለሁ አይደለም ያለችው» አልኩ። «እጠብቀዋለሁ ነው ያለችው። ከኋላ ሆኜ አየዋለሁ ማለቷ ነው። እርስዎ ያሰሩት መስሏታል።»

 ፊቱን ብታዩት፣ ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ። «በእ» አለ። «በእ ነው ያለችው?»

«በእ።»

አንዲት ፊደል። አንዲት የማትረባ ፊደል ሄልሜት ውስጥ ጠፍታ፣ የኋላውን ማንም አላሰረውም። ያ ረጅም አረንጓዴ ነገር በአንድ ማሰሪያ ብቻ ተይዞ እየበረረ ነው፣ እህቴ ደግሞ ከሥሩ ናት። ልትጠብቀው።

«አቁማለሁ» አለ ዶክተሩና እግሩን ወደ ፍሬኑ ወሰደ።

«እንዳትነካ» አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት። «ተለጥፋብሃለች፣ ከእሷ ኋላ ደግሞ አሸዋው አለ። እንዳትነካ።»

አንቱታው የቀረው ያን ጊዜ ነው።

ቀና ስል ድልድዩ ላይ ገብተናል። ያንን ድልድይ ፎቶ ላይ አይታችሁት ቢሆን ያምራል። ረጅም ነው፣ ከሥሩ ገደል ነው፣ ገደሉ ታች ወንዙ ክር ይመስላል። ዳር የሚቆምበት ቦታ የለውም፤ መንገድ፣ ከዚያ ብረት፣ ከዚያ ባዶ። ነፋሱ ደግሞ በገደሉ ውስጥ መጥቶ ከጎን ነው የሚመታህ። ሳሙናዋ ሸርተት አለች። ላያችን ላይ ጧ፣ ጧ።

«ደውልላት» አለ ዶክተሩ።

ደወልኩ። ከቂጤ ሥር ጠራ።

ስልኳ እኔ ጋ ነው። ቅድም ለካርታው ብላ ሰጥታኝ እኮ ነው። ሁለታችንም እስኪዘጋ ድረስ አዳመጥነው፤ እንደ ሞኝ፣ ምናልባት ታነሳው ይሆናል ብለን።

በመስታወቱ አየኋት። እጇን አነሳች። አሁንም ሰላም ትለናለች።

ቀበቶዬን ፈታሁና በወንበሮቹ መካከል ወደ ኋላ ተሳብኩ። ጉልበቴ ዶክተሩን መታው፣ ክርኔ የሆነ ነገር አብርቶ ዝናብ መጥረጊያው በደረቁ መሥራት ጀመረ። ኋላ ደርሼ ሻንጣው ላይ በደረቴ ወደቅኩ። ማሰሪያውን ያዝኩት። ስይዘው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ? ትልቅ ዓሣ ነው የሚመስለው። ከላይ ያለው ነገር ሕይወት አለው። ይስበኛል፣ ይለቀኛል፣ ይስበኛል። ክንዴ ላይ ጠቀለልኩትና በጠቅላላ ክብደቴ ወደ ታች ተንጠለጠልኩ።

«ይዤዋለሁ» አልኩ። «እግርህን ከነዳጁ ላይ ቀስ አድርገህ አንሳ።»

«ነዳጅ የላትም።»

«ካለበት ላይ አንሳ!»

ሳሙናዋ ደግሞ አመሏ እንዲህ ነው፤ እግርህን በአንዴ ካነሳህ ፍሬን እንደያዝክ ነው የምትቆመው፣ ባትሪዋን መልሳ ለመሙላት። ስለዚህ እንደ ላባ ማንሳት አለበት። እና ዶክተሩ ምን ሆነ መሰላችሁ፤ ድምፁ ተለወጠ። ያ በረንዳ ላይ ግድግዳ የሚያቅፍ ሰውዬ ድምፁ ወርዶ፣ ለስልሶ፣ ወንበሩ ላይ ላስተኛው ታካሚ የሚያወራው ድምፅ ሆነ።

«አሁን ትንሽ ይጎትትሃል» አለኝ። «በአፍንጫህ ተንፍስ። በጣም ጥሩ። ካመመህ እጅህን አንሳ።»

«እጄን በምን ላንሳው?»

«ልክ ነህ። አታንሳ።»

በኋላው መስታወት እህቴ ትታየኛለች። እኔም እታያታለሁ። አንድ እጄን ከማሰሪያው አላቀቅኩና ራቂ አልኳት፣ በጣቶቼ ገፋ ገፋ አድርጌ። ግን እጄ ወደ ታች ነው፣ በሻንጣና በጣሪያ መካከል ጣቶቼ ብቻ ናቸው የሚታዩት። ጣት ወደ ታች ሆኖ ሲወዛወዝ ምን ማለት ነው? ነይ ማለት ነው። ማንም ሰው ነይ ነው የሚለው።

መጣች።

ጋዝ ሰጥታ መጣች። ምንድነው የሚለው ይሄ ልጅ ብላ ወደ ግራ ወጣ አለችና ልክ ከኋላ ጎማችን አጠገብ ሆነች። አንገቷን አዘንብላ በመስኮቱ ልታየኝ። የሄልሜቷ መስታወት ውስጥ ዓይኗ ታየኝ፣ እየሳቀ ነው። እኔ «ሂጂ፣ ሂጂ» እላለሁ፣ ሻንጣ ላይ ተኝቼ ማሰሪያ ታቅፌ። ሌላ ቀን ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። የጭነት መኪናው ክላክስ ከኋላ ያለማቋረጥ ይጮኻል። ዶክተሩ ሁለቱንም ፍሬቻ አበራ።

ነፋሱ መጣ።

ማሰሪያው ክንዴን ወደ ጣሪያው ነጠቀው። እጄ ብረቱን መታ፣ ጣቶቼ ተከፈቱ። ላዬ ላይ የሆነ ረጅም ነገር ከዳር ዳር ተፋቀ፤ የቃሪያዋ ጅራት ተነስቶ እንደ በር ወደ ግራ ተወረወረ። ወደ እሷ። ከዚያ ሰማሁት። ቋ። ፕላስቲክ በፕላስቲክ።

በመስኮቱ አየሁ፤ የለችም። በኋላው መስታወት አየሁ፤ የለችም። የድልድዩ ብረት ብቻ ነው የሚሮጠው፣ ከብረቱ ወዲያ ሰማይ።

«ምን ነበር?» አለ ዶክተሩ። መዞር አይችልም፤ መሪዋ እየተንቀጠቀጠች ነው።

በሌላው በኩል ባለው መስኮት አየሁ።

«ማሙሽ። አለች?»

«አላየኋትም።»

«አለች ወይ ነው የምልህ።» ያ የሐኪም ድምፁ ጠፋ። ከዚህ በፊት ከሰው አፍ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ነው የወጣው። «በመስታወት የለችም። ማሙሽ፣ በመስታወት የለችም።»

እኔ ፍርሃት የሚጮኽ ነገር ይመስለኝ ነበር። ያን ጊዜ ግን ሁሉ ነገር ጸጥ አለ። ዝናብ መጥረጊያው በደረቁ መስታወት ላይ ሲሄድ ብቻ ይሰማኛል፣ ክርር፣ ክርር። ማሰሪያውን መልሼ ያዝኩት፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። ሻንጣው የእሷ ነው። ሳሙና ሳሙና፣ የመዋኛ ገንዳ ገንዳ ይሸታል። ፊቴን እዚያ ላይ እንደለጠፍኩ ዓይኔን ጨፍኜ «አለች» ልለው አሰብኩ። እንዲሁ ልዋሸው፣ ቢያንስ ድልድዩን እንድንጨርስ።

ዓይኔን ስገልጥ ከሩቅ፣ ከመንገዱ መሀል፣ ሞተሯ ታየችኝ። እህቴ የሞተሯ ታንክ ላይ በደረቷ ተለጥፋ፣ አንድ እግሯን አስፋልቱ ላይ እየጎተተች። ከእሷ ኋላ ደግሞ የጭነት መኪናው በጣም ርቆ፣ ፍሬቻውን አብርቶ፣ መንገዱን በሙሉ ዘግቶ በእግር ፍጥነት ይመጣል። ማንም እንዳያልፋት።

«አለች» አልኩ። «አለች፣ አለች፣ አለች።»

 ዶክተሩ የውስጡን መስታወት እያስተካከለ ፈለጋት።

ከድልድዩ እንደወጣን መቆሚያ ቦታ አለ። እንዴት እንደደረስን እኔን አትጠይቁኝ። መኪናዋ ስትቆም ቃሪያዋ ከፊተኛው ማሰሪያ ሾልካ ከጣሪያው በቀስታ ተንሸራታ፣ የሳሙናዋን የጎን መስታወት ይዛ፣ መሬት ላይ ተኛች። በጣም በዝግታ። ሥራዋን እንደጨረሰች።

እህቴ ሞተሯን አቁማ ሄልሜቷን አወለቀች። ሄልሜቱ አናት ላይ ከፊት እስከ ኋላ አረንጓዴ ጭረት አለ። አየችው፣ በጣቷ ነካችው። ዶክተሩ ከመኪናው ወርዶ ወደ እሷ ሊሄድ ፈለገ፣ ግን በሩን ይዞ ቀረ። እሷ ናት የሄደችው።

«የኋላው እንዴት ተፈታ?» አለች።

«አልታሰረም» አለ። «አጠብቀዋለሁ አላልሽም?»

«እጠብቀዋለሁ ነው ያልኩህ። ከኋላ ሆኜ።»

«አጠብቀዋለሁ ነው የሰማሁት።»

«እና ዝም ብለህ ገባህ?»

«ታዲያ አጠብቀዋለሁ ስትዪ አታጠብቂም ልበልሽ?»

ሊጣሉ ነው ብዬ ነበር። አልተጣሉም። ድምፃቸው ለጠብ አልበቃም። እህቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ጠብቄዋለሁ እኮ» አለች። «ሙሉውን መንገድ ዓይኔን አልነቀልኩም። የማሰሪያው ጫፍ ሲወዛወዝ አይቼዋለሁ። ትርፉ ነው ብዬ። እንደውም ያምራል ብዬ። እንደ ሪባን ነበር የሚወዛወዘው።» 

የጭነት መኪናው ከኋላችን ቆመ። ሹፌሩ ወረደ፤ ቦርጫም፣ ፎጣ አንገቱ ላይ የጣለ ሰው። መጀመሪያ እህቴን ከላይ እስከ ታች አያት፣ የጎደለባት ነገር እንዳለ እንደሚቆጥር። ቀጥሎ እኛን ወንዶቹን አየን፣ ያ አስተያየት ግን ሌላ ነው።

«ክላክስ ስነፋ ምን መስሏችሁ ነው?» አለ።

«የተናደድክ» አልኩ።

«ጅራቱ ሲነሳ እያየሁ፣ ልጅቷ ሥሩ። እንዴት ልናገር? ወርጄ ልሩጥ?» ፎጣውን ከአንገቱ አወረደ። ፊቱን ጠረገና ዘለበቱን አነሳው፣ ጎተተው፣ ምንም ሳይታገለው መጣለት። «ማነው ያጠበቀው?»

ዶክተሩ እህቴን አየ። እህቴ እኔን አየችኝ። እኔ መሬቱን አየሁ። በአጭሩ ነገርነው፤ የእን፣ የአን፣ የሄልሜቱን ነገር።

ሰውዬው ሰማና ራሱን ነቀነቀ። «እና ከከተማ ጀምሮ እንዲሁ እየተጠባበቃችሁ ነው የመጣችሁት» አለ።

ማንም አልሳቀም። እሱም አልሳቀም።

አራት ሆነን ጫንናት። አሁን ሁለቱንም ማሰሪያ አራታችንም ጎተትን፣ ተራ በተራ፣ ሌላው የጎተተውን ሳናምን። ሹፌሩ ከመሄዱ በፊት ጀልባዋን ይዞ ወዘወዛት፤ ጀልባዋ ሳትንቀሳቀስ መኪናዋ ተወዘወዘች። «እንዲህ ነው» አለና ሄደ።

እህቴ ሄልሜቷን መልሳ አጠለቀች። ምንም እንዳልተፈጠረ ልትሆን ፈልጋ ነው፣ አውቃታለሁ፤ ትንሽ ሆና ከዛፍ ስትወድቅም እንዲህ ነበረች። ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ ልትከት ሞከረች። ሳተች። እንደገና ሞከረች፣ ቁልፉ ብረቱ ላይ ተንኳኳ። ዶክተሩ ሄዶ እጇን ያዘ። ቁልፉን ራሱ አስገባላት፣ በእነዚያ ጣቶቹ፣ ቀጥ አድርጎ።

«ከኋላ አትሆኚም» አለ። «ከፊቴ ሁኚ። የማይሽ ቦታ።»

«ጀልባዋንስ ማን ያያታል?»

«ጀልባዋ ገደል ትግባ። አንቺን እጠብቅሻለሁ።»

የሄልሜቷን መስታወት ወደ ላይ ገፋች። ዓይኗ ቀልቷል።

«በእ ነው በአ?» አለችው።

አሰበበት። የምሩን ነው ያሰበበት። «በሁለቱም» አለ።

ጉዟችንን ቀጠልን። እሷ ከፊት፣ የኋላ መብራቷ ቀይ ነጥብ ሆኖ። ዶክተሩ ዓይኑን ከዚያች ነጥብ አልነቀለም። ባትሪው ዝቅ ብሎ ማስጠንቀቂያው ሲጮኽ እንኳን አላየውም። እኔ የፊት ወንበሬ ላይ አልተመለስኩም። ከኋላ ሻንጣው ላይ ተኝቼ ማሰሪያውን ይዣለሁ። ጠብቋል፣ እንደ ብረት ጠብቋል፣ እኔ ያዝኩት አልያዝኩት ለውጥ የለውም። አውቃለሁ። ግን ጣቶቼ አልከፈት አሉኝ። ክንዴ ላይ የማሰሪያው ቅርጽ ቀይ ሆኖ ታትሟል።

ትንሽ እንደሄድን መኪናዋ ፍጥነት ስትጨምር ከላይ ድምፁ ተመልሶ መጣ። ዝምምምምም። ዶክተሩ በመስታወቱ አየኝ። እኔም አየሁት። እስከ ሐይቁ ድረስ ጮኸ፣ አንዳችንም ይቁም አላልንም። ቀነስ ባለ ቁጥር ሁለታችንም ትንፋሻችንን እንይዝ ነበር።